በለስ የነካ ጣት

የስኳር መለኪያዬ የምታወራው ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ነው። ልጄ ሃይፋ ነው የምትኖረው። እናቷ ካረፈች በኋላ መጥታ ስልኬ ላይ የሆነ ነገር ጫነችና፣ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ጣትህን በወጋህ ቁጥር ውጤቱ እኔ ዘንድ ይደርሳል» አለችኝ። ደስ አለኝ። ውጤቴ ጥሩ ሲሆን እንደማትደውል ግን አላወቅሁም ነበር። ምን ብላ ትደውላለች? ሥራ አለባት፣ ልጆች አሉባት፣ አባቷ ደህና መሆኑን ስልኳ ነግሯታል። እኔ ደግሞ ሐኪም ያዘዘኝን የምፈጽም ሰው ነኝ፤ ውጤቴ ሁልጊዜ ጥሩ ነው። እንዲህ ሆነን ሮቫ ሄ በሚባለው ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔና ቴሌቪዥኑ አብረን እናረጃለን።

በነሐሴ ሙቀት አንድ ዓርብ ልጆቹን ይዛ ልትመጣ ቀጠረችኝ። የልጅ ልጆቼ በለስ ነፍሳቸው ነው። ማለዳ ገበያ ወርጄ ገዛሁና ከምሳ በኋላ ቁጭ ብዬ ስልጥ ቆየሁ። የዚህ አገር ሰው ጓንት ሳያጠልቅ በለስ አይነካም፤ እኔ ግን በለስ መላጥ የልጅነት ሙያዬ ነው፣ እሾህ አይወጋኝም። ልጨርስ ስል ደወለች።

«አባዬ፣ ደክሞኛል፣ መንገዱም ጭንቅንቅ ነው። ለሚቀጥለው ሻባት ብንመጣስ?»

«ምን ችግር አለው ልጄ» አልኳት። ችግርማ ነበረው።

ሳህኑን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኩት። አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ እኔ መች ወድጄ ብቻዬን በላሁ? እጄን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረግሁና ኢንሱሊኔን ከመውሰዴ በፊት እንደ ልማዴ ልለካ ጣቴን ወጋሁ። ሦስት መቶ ሰባ አንድ! ክው አልኩ። እንዲህ ያለ ቁጥር አይቼ አላውቅም። «ምን በልቼ ነው አንቺ?» ብዬ መለኪያዋ ላይ ጮህኩባት።

ወዲያው ስልኩ ጠራ።

«አባዬ! ምን በልተህ ነው?»

«ምንም!»

«በለሱን በላኸው፣ አይደል?»

ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜዬ ማር ሰርቆ እንደላሰ ሕፃን ልመርመር? «አልበላሁም አልኩሽ እኮ! የምትዋሸው መለኪያሽ ናት!»

«እሺ፣ ብቻ ኢንሱሊን እንዳትጨምር። ውሃ ጠጣ። መጣሁ» ብላ ዘጋችው።

ጀንበር ጠልቃ ሻባት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ደረሰች፤ ልጆቹ ደረጃውን እየሮጡ ከኋላዋ። እኔ እስከዚያ ገላዬን ታጥቤ ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ነበር። ጣቴን ራሷ ወጋችው። መቶ ሃያ ስድስት። ደግማ ለካች፤ ያው ነው። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለችና ማልቀስ ጀመረች። «መንገዱን በሙሉ መሪው ላይ እጄ ሲንቀጠቀጥ ነበር። በሕይወት የማገኝህ አልመሰለኝም» አለችኝ። እኔ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሻባት ገባ፤ በሰንበት መኪና አይነዳምና መሄድ ቀረ። ልጆቹ በለሱን ሙልጭ አድርገው በሉ፣ ተላፉ፣ ተጣሉ፣ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተደራርበው ተኙ። ቤቴ ሰው ሰው ሸተተኝ።

እሑድ ኩፓት ሆሊም፣ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ ሄድኩ። ነርሷ የእኛው አገር ልጅ ናት፣ አማርኛ ትናገራለች። መለኪያዋን ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አድርጌ «ቀይሪልኝ፣ ውሸታም ናት» አልኳት።

«አባባ፣ ከመለካትዎ በፊት ምን ይሠሩ ነበር?»

«በለስ እልጥ ነበር።»

«እጅዎን ታጠቡ?»

«ጠረግሁት።»

ሳቋ መጣ። መለኪያ ከላቦራቶሪ ውጤት ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ያለ ነው፤ ይህን ያህል ግን አይስትም አለችኝ። ጣቴ ላይ የቀረው የበለስ ጭማቂ ከደሜ ጋር ተቀላቅሎ ነው። መለኪያዋ ስኳር ካገኘች የደም ይሁን የፍሬ አትለይም። ከዚያ ሳቋን ተወችና፣ «በዚያ ቁጥር ኢንሱሊን ጨምረው ቢሆን ኖሮ ስኳርዎ ወርዶ ይወድቁ ነበር። ማን ያነሳዎታል አባባ? በውሃና በሳሙና ይታጠቡ፣ ያድርቁ፣ ከዚያ ይለኩ» አለችኝ። ማን ያነሳዎታል ያለችው ነገር ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ ልጄ «ባለፈው መጥተን የለ» ብላ ቀረች። እኔ ግን ድንገት ቢመጡ ብዬ በለስ ገዝቼ ልጬ ነበር። እጄ ተጣብቋል፤ መለኪያዋ ፊቴ ናት። ለምን እዋሻለሁ፣ አሰብኩት። ጣቴን እንዲሁ ብወጋው ስልኩ ይጠራል፤ «ምን በልተህ ነው?» ትለኛለች፣ እኔም እቆጣለሁ፣ ማታ ቤቱ ይሞላል። መርፌዋን አነሳሁ። ያኔ መሪው ላይ የሚንቀጠቀጠው እጇ ትዝ አለኝ፤ ልጆቹ ደግሞ ከኋላ ወንበር ላይ ናቸው። «ተው አንተ ሽማግሌ!» ብዬ ራሴን ተቆጣሁና ተነሳሁ። እስከ ክርኔ በሳሙና ታጠብኩ። አደረቅሁ። ወጋሁ። መቶ አሥራ ስምንት።

ስልኩን እያየሁ ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ድምፅ አሰማ፤ ዘልዬ አነሳሁት። ልጄ ወደ ላይ የቀና የአውራ ጣት ሥዕል ልካልኛለች። ጎበዝ ማለቷ ነው።