ሻሼ የገደፈችበት ጾም

ባለፈው ሳምንት ግቢያችን ውስጥ የተከራየችው ወጣት ድመቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ጆሮዋን በቀጭን መርፌ ወጋ አደረገቻት። የወጣችውን ጠብታ ደም መዳፍ በምታህል መሣሪያ ለካችና ቁጥሩን አሳየችኝ። ስኳር አለባት አለችኝ። የመለኪያው ወረቀት ውድ ስለሆነ በየቀኑ መለካት አልቻለችም። «እናቴ፣ ረከስ ያለ ዘዴ አያውቁም?» ብላ ሳቀች።

መቀለዷ ነበር። እኔ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እኛም በደርግ ጊዜ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ፣ የድመት ስኳር ለክተናል ብላት የምታምነኝ አልመሰለኝም።

ድመቷን የለካን ቀን ቤት ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ላስታውስ። የባሌ አባት ነበሩ፤ የደብራችን ቄስ ናቸው፣ አባባ ነበር የምንላቸው። እኔ ነበርኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ። አምስት ዓመት የሞላት ልጄ ብዙነሽ ነበረች። ሻሼም ነበረች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ግራጫ ድመታችን። ጤና ረዳቷ ጥሩወርቅ የመጣችው ከቀናት በኋላ ቢሆንም እሷንም አብሬ እቆጥራታለሁ። ባሌ አልነበረም። ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ ለአባባ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ፤ ሲቀርም ምክንያት የምፈልግላቸው እኔው ነበርኩ።

አባባ ስኳር ታመዋል። ጥሩወርቅ ከጤና ጣቢያው ክኒን ትሰጣቸዋለች። በጠርሙስ ሰማያዊ ፈሳሽም ሰጥታን ነበር። እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማርኩ አሠራሩን ያስተማረችው ለእኔ ነው። በመስታወት ቱቦ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ይደረጋል፤ ስምንት ጠብታ ሽንት ይጨመርበታል፤ ከዚያ ቱቦውን የሚፈላ ውሃ ውስጥ አቁሞ መጠበቅ ነው። ሰማያዊ እንደሆነ ከቀረ ደህና ነው። አረንጓዴ ከሆነ ጥቂት ስኳር አለ፣ ቢጫ ከሆነ በዝቷል፣ የጡብ መልክ ካመጣ ክፉ ነው። በየሳምንቱ ረቡዕ እሠራዋለሁ። እንዳልሳሳት ጠብታዎቹን ጮክ ብዬ እቆጥር ነበር፤ አባባ ታዲያ «ውዳሴ ማርያም የምትደግሚ ነው የምትመስይው» ይሉኛል።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሻሼ ውሃ አበዛች። ከእንስራው ሥር ካለው ማሰሮ፣ እጅ ከታጠብንበት ሳህን፣ ከደጅ ጉድጓድ ሳይቀር ትጠጣለች። የምድጃው ጥግ አመድ፣ እሷ የምትሸናበት፣ እንደ ጭቃ ረጥቦ ይገኛል። ፀሐይ ላይ ስደፋው እንደ ስኳር ጉንዳን ወረረው። ትበላለች፣ ግን ጀርባዋ አጥንቱ ወጣ። ዓይጥ ቢያልፍ እንኳ ቀና ብላ አታየውም ነበር።

ያስፈራኝ የድመቷ ነገር አልነበረም። ብዙነሽ ከሱፍ ዝተታችን ሥር ሻሼን አቅፋ ነው የምትተኛው። ከአንድ ሳህን ነው የሚበሉት። አባባ ታመዋል፣ ድመቷ ታማለች፣ ቀጥሎ ማን ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። በሽታው ቤት ውስጥ የገባ መሰለኝ።

ለአባባ ስነግራቸው ለካ እሳቸውም ሲከታተሏት ኖሯል። «መድኃኒቱ የእኔ ነው፣» አሉ። «አንድ ማንኪያ ለእሷ ስጫት። እኔ አንድ ረቡዕ ሳልለካ ብቀር አልሞትም።»

የድመት ሽንት ማግኘት ግን እንደ ሰው አይደለም። አመዱን ጠርጌ አወጣሁ፤ ከወንዝ ጠጠር አምጥቼ አጥቤ በቆርቆሮ ሳህን አደረግኩላትና ገብሱ ካለበት ጓዳ ዘጋሁባት። ጠጠር ሽንት አይመጥም፣ ሥሩ ይጠራቀማል ብዬ ነው። ሻሼ ቀኑን ሙሉ አኩርፋ ዋለች። አባባ በየጊዜው በሩ ጋ ቆመው «ምን አለች?» ይላሉ። ብዙነሽ በቀዳዳ አጮልቃ «አባባ፣ እያዩኝ አልሸናም ብላለች» አለቻቸው። አባባም «ጨዋ ናት፣ የቄስ ቤት ልጅ ናት» ብለው ዘወር አሉላት።

ጠዋት ሽንቱ ከጠጠሩ ሥር ተገኘ። ስምንት ጠብታ ቆጠርኩ። ቱቦውን ውሃው ውስጥ እንዳቆምኩት ሰማያዊው ወዲያው ደፈረሰ፣ አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ ብዙም አልቆየ፣ የጡብ ቀለም ያዘ። የአባባም እንደዚያ ቀልቶ አያውቅም። እኔ ቱቦውን ሦስት ጊዜ በአመድና በሙቅ ውሃ አጠብኩና ልጄን ሽንት አስሸንቼ ለካሁ። ሰማያዊ ነበር። ጠበቅኩት፣ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ነገር ግን ልቤ ሰማያዊውን አላመነም። ዛሬ ካልያዛት ነገ ይይዛታል አልኩ።

በማግስቱ ብዙነሽን ከአጎቷ፣ ከወንድሜ ጋር ቀየት ወደሚባለው አገር፣ እናቴ ዘንድ ላክኋት። በበቅሎ ጭነን ነው የሰደድናት። ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ ለልጅ ምን ይባላል ብዬ። ዞር ዞር እያለች እስክትጠፋ ታየኝ ነበር። አባባ መስቀላቸውን ጨብጠው ደጁ ላይ ቆመው ቀሩ። ሲከፋቸው እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።

ከሦስት ቀን በኋላ ጥሩወርቅ ክኒን ልታደርስ በበልጉ ዝናብ እግሯ በጭቃ ተለውሶ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ተቆጣኋት። በሽታውን በሰማያዊው ጠርሙስሽ ቤቴ ያስገባሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄን ያሰደድሽብኝ አንቺ ነሽ አልኳት። ከዚያም የከፋ ብያለሁ። እሷ ነጠላዋን ጨመቀች። ስጨርስ ስኳር ከሰው ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ድመትም እንደማይተላለፍ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ቀጥላ ድመቷ ምን እንደምትበላ ጠየቀች።

እኔ የገብስ ቂጣ አልኳት። ጾም ነው፤ ወተትም ሥጋም ቤታችን አይገባም፤ የቄስ ቤት ድመት እንደ ቤቱ ሰው ነው የምትጾመው። ያን ጊዜ አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በሶም ትበላለች፣» አሉ። «በስኳር የታሸ።»

ከገበሬ ማኅበሩ ሱቅ በራሽን የሚደርሰን ስኳር ነበር። እሳቸው ከተከለከሉት ወዲህ ድርሻቸው እንዳይባክን፣ ወተት ለቀረባት ሻሼ በሶ እያሹ ይሰጧት ኖሯል። የጾሙን ነገር ላካክስላት ብዬ ነው አሉ። እኔ ባየው ኖሮ እከለክል ነበር፤ እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ እርሻ ስወርድ ነበር የሚሰጧት።

ጥሩወርቅ አልሳቀችም። «አባ፣ ይህች እንስሳ የተፈጠረችው ለሥጋ ነው። ስኳሩን ይተዉላትና ሥጋና እንቁላል ይስጧት፣ መድኃኒቷ እሱ ነው፣» አለች።

በጾም ሥጋ በአባባ ጣሪያ ሥር ገብቶ አያውቅም። «ያስጾምኳት እኔ ነኝ፤» አሉ አባባ፣ «የማስገድፋትም እኔ ነኝ። አልተጠመቀችም፣ ንስሐም የለባት። ኃጢአቱ ካለ በእኔ ይሁን።»

ዶሮዎቻችን በጾም የጣሉትን፣ ለፋሲካ ያስቀመጥኩትን እንቁላል ከደጅ፣ ከግድግዳው ውጭ እየሰበሩ ይሰጧት ጀመር። ቋንጣም ከአንድ ጡረተኛ ጎረቤት በመሀረብ ጠቅልለው ያመጣሉ። ሰፈሩ ቄሱ ጾም ፈቱ ብሎ አማ። አባባ ሰምተው «እኔ ቂጣ፣ ድመቷ ቋንጣ፤ እሷ ብትጸልይልኝ ይሻላል» ብለው አለፉት።

ፈሳሹ እያለቀ ስለነበር ጥሩወርቅ ግማሽ ማንኪያና አራት ጠብታ ብጠቀም እንደሚበቃ አሳየችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ብርቱካን መሰለ። ቀጥሎ ቢጫ ሆነ። በመሀል ፈሳሹን ለአባባ ቆጥቤ የሻሼን ሽንት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እያፈሰስኩ ጉንዳን ይመጣ እንደሆነ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ጉንዳን አልመጣም። የመጨረሻዋን ግማሽ ማንኪያ አፈላሁ፤ ሰማያዊ ነበር። ሻሼም በዚያው ሰሞን ዓይጥ ይዛ ገብታ አባባ እግር ሥር ጣለችው።

ጥሩወርቅ አይተላለፍም ብትለኝም ይህን ሳላይ ልቤ አላምን ስላለ ልጄን አልመለስኳትም ነበር፤ አሁን ግን ወዲያው ወደ ቀየት ሄድኩ። ብዙነሽ አቀፈችኝ፣ ግን ለምን እንደሰደድኳት አልጠየቀችኝም። ገብሱ ብቅ ብሎ ነበር፣ ነፋሱ ይበርዳል። እጄን ይዛ ረጅም መንገድ ከሄደች በኋላ ሻሼ ሞተች ወይ አለችኝ። አልሞተችም፣ ድናለች አልኳት። ቆመች።

«እማዬ፣ ስኳሩን እኔም ሰጥቻታለሁ። አባባ ሲሰጧት አይቼ። ለእሱ ነው የሰደድሽኝ?»

ያን ሁሉ ሳምንት ልጄ በደለኛ ነኝ ብላ ስታስብ ኖራለች። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጭኔ ላይ አደረግኳትና ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ማመኗን እንጃ። አሁን እሷም የልጆች እናት ናት፤ ልጆቿን ከዐይኗ አትለይም፣ ምክንያቱን ሳትናገርም አንድ ነገር አታስደርጋቸውም።

አባባ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ባሌም ቆይቶ ተመለሰ፤ ብዙ የሚናገር ሰው ግን አልሆነም። እኔም ደክሜያለሁ። ተከራይዋ ዘዴውን ስትጠይቀኝ ሥጋ ስጫት፣ ስኳር ያለውን ነገር ከልክያት፣ ሐኪምም አማክሪ አልኳት። ሌላ የማውቀው የለኝም።

ጥሩወርቅን ግን ይቅርታ ሳልጠይቃት ክረምቱ ሳይገባ ወደ ሌላ ወረዳ አዛወሯት። ለስንብት የመጣች ቀን እርሻ ላይ ነበርኩ፤ ስመለስ ለአባባ የተወችውን አዲስ ጠርሙስ አገኘሁ እንጂ እሷን አላገኘኋትም። በደርግ ጊዜ መሐል ሜዳ ጤና ረዳት የነበረች፣ ቀጠን ያለች፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት ጥሩወርቅን የምታውቁ ካላችሁ፣ በሕይወት እንዳለችና የት እንዳለች እባካችሁ ንገሩኝ።