የታየች ጎመንና የጀማለዲን አመድ

ታየች ልጅ አልወለደችም እንጂ ጎመን አሳድጋለች። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ ደብረ ማርቆስ ቅዳሜ ገበያ ላይ «የታየች ጎመን» ከተባለ ገዢው ሳይከራከር ነው የሚያነሣው። የሚከራከር ከተገኘማ ወዮለት!

ከጓሮዋ በላይ ጀማለዲን ይሠራል። የጭነት መኪና ባትሪ ጠጋኝ ነው፤ ያረጀውን ፈልጦ እርሳሱን ያቀልጣል፣ በቅርጽ አፍስሶ እንደገና ይሠራዋል። ባሏ የሞተ ዕለት እንጨት የፈለጠላት፣ ጣሪያዋ ባፈሰሰ ቁጥር የሚወጣላት እሱ ነው። እሷም ሚስቱ አስያ በወለደች ጊዜ ከደጃፏ አልጠፋችም። ሥጋ አብረው አይበሉም እንጂ ጎመኑማ የጋራ ነበር።

አመድ መሬት እንደሚያወፍር ጎጃሜ ሁሉ ያውቃል። ጀማለዲንም ከማቅለጫው ሥር የሚጠርገውን አመድ ለማንም ሳይሰጥ ለታየች ያጠራቅማል፤ በጆንያ ተሸክሞ መጥቶ ጓሮዋ ያራግፍላታል። «ተባረክ የኔ ልጅ!» እያለች ትበትነዋለች። ጎመኑም አላሳፈራትም፤ ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ ተዘረጋ።

በዚያው ዓመት ጀማለዲንን የሆድ ቁርጠት አጣደፈው። ሆስፒታል ቢሄድ፣ «ሥራህ ነው፤ እርሳሱ ሰውነትህ ገብቷል። አመዱም መርዝ ነው፤ ከወደቀበት መሬት ስንት ዘመን አይወጣም» አሉት። የራሱን ሕመም እዚያው ረሳው። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ጎመኑ እንደሆነ ያምራል። እግሩ ግን በቀጥታ ታየች ደጅ ወሰደው።

«እትዬ ታየች፣ ጉድ ሠራሁዎት» አለና ሁሉንም ነገራት።

ትጮኽብኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ «ልጆችህስ? ደኅና ናቸው? ከዚሁ በልተዋል እኮ!» አለችው።

ደኅና መሆናቸውን ስትሰማ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ጎመኑን ከነሥሩ መንቀል ጀመረች። ጎረቤቷ ወለተ ኪዳን በአጥር ብቅ ብላ፣ «ምነው፣ አበድሽ? ገበያ አውጪው እንጂ! ማን ያውቃል?» አለቻት።

«እኔ አውቃለሁ!» ብላ አፏን አስያዘቻት። ከብት እንኳ እንዳይቀምሰው ጉድጓድ አስቆፍራ ቀበረችው።

ያለፈው ቅዳሜ የተሸጠውስ? እሱ ነበር የሚያንገበግባት። በቀጣዩ ገበያ ባዶ እጇን ወጥታ ከቦታዋ ተቀመጠች። ደንበኛ ባየች ቁጥር፣ «ያ ጎመን መርዝ ነክቶታል፤ የተረፈ ካለ ጣሉት» ትላለች። አንዷ፣ «እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር!» ብላ ስትስቅባት ታየች አንገቷን ደፋች። ያቺ ታየች!

«አመዱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ! እሳቸውን አትንኩብኝ!» የሚል ጩኸት ከኋላዋ መጣ። ጀማለዲን ነው። ክንዱን ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«ምነው አንተ፣ ሠርተህ የምትበላበትን ስም ታጠፋለህ?»

«ስሙ ምን ያደርግልኛል? ዕቃዬን ጠቅልያለሁ። ልጆቼን ይዤ አገሬ ቁይ፣ አባቴ ዘንድ ልገባ ነው። ከእንግዲህ በምን ዐይኔ ልይዎት?»

ታየች ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«መሬቴ ሄዶብኛል» አለችው። «አንተም ልትሄድብኝ ነው?»

ጀማለዲን ገበያው እስኪበተን ከጎኗ አልተነሣም።