የኤርሚንዳ ጆሮ

የመካኒኩ የኤቫሪስቶ ፓይኔማል ጆሮ መድከሙን የምታውቀው ሚስቱ ኤርሚንዳ ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ ከሞተች ሁለት ክረምት አለፈ። የመንደሩ ሰው ግን እስከ ዛሬ፣ «የዶን ኤቫሪስቶ ጆሮ? ኧረ ተወኝ! ጉንዳን ሲያስነጥስ ይሰማል» ይላል። ወሬ የማይሰለቸው መንደር ነው፤ ሃያ ሰባት ቤት፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ የቀረው የፓታጎንያ ነፋስ።

ይህ ስም እንዴት እንደወጣለት ልንገራችሁ። ናፍጣ ፒክአፕ ዳገት ላይ ሲደክምና ጥቁር ጭስ ሲተፋ፣ ብዙ ጊዜ ተርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር በሆነ ቀዳዳ ይሾልካል ማለት ነው። ኤቫሪስቶ የተርቦውን አፍ የጎማ ቫልቭ በገጠመለት የቀለም ጣሳ ይደፍንና በኮምፕረሰር አየር ይሞላዋል። የጋራዡ በር በነፋሱ ምክንያት ይዘጋል፤ ባለመኪናው ወጥ ቤት ተቀምጦ ማቴውን፣ የአገሩን የቅጠል ሻይ፣ በቅል ይጠጣል። ባልና ሚስቱ ቀጭን ቱቦ ያነሳሉ። አንዱን ጫፍ እሱ በሞተሩ ዙሪያ ያንቀሳቅሳል፤ ሌላውን ኤርሚንዳ ጆሮዋ ላይ ትይዛለች። ሽሽሽ የሚል ስትሰማ በቀለበቷ ኮፈኑን አንዴ ኳ! ታደርጋለች። ከዚያ ጌታው ደረቱን ነፍቶ ይወጣና «በጆሮዬ አገኘሁት!» ይላል። አንድ ቀን እንኳ «እሷ ናት» አላለም። ወይ የወንድ ኩራት! እሷም እጇን ጠራርጋ ማቴ ልትቀዳ ትገባለች።

የተጠገነለት ሰው ዳገቱ ጫፍ ሲደርስ፣ መኪናው ጉልበቱ ከተመለሰ፣ ሁለቴ ጥሩምባ ይነፋል። ኤርሚንዳ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ብላ «ነፋ!» ትለዋለች። እሷ ከሄደች ወዲህ ኤቫሪስቶ አቧራው እስኪጠፋ ቆሞ ያይና መነፋቱን አለመነፋቱን ሳያውቅ ይገባል።

የበግ ጸጉር የሚያመላልሰው አቤሊኖ ያንኑ ፒክአፑን ይኸው ለሦስተኛ ጊዜ አመጣው። መጀመሪያ ኤቫሪስቶ ያረጀ የመሰለውን ቱቦ በግምት ቀየረለት። ቀጥሎ አየሩ የሚወጣበትን ለማየት የሳሙና አረፋ ቀባ፤ በጋራዡ ቆርቆሮ ቀዳዳ የገባው ነፋስ አረፋውን ጠራርጎ ወሰደው።

«ዶን ኤቫሪስቶ፣ እርስዎን ጠልቼ አይደለም» አለ አቤሊኖ። «ግን ትናንት ዳገቱ ላይ የበግ መንጋ ቀደመኝ። እያዩኝ እኮ ነው ያለፉት! ዛሬ ካልተገኘ ከተማ እወስደዋለሁ፤ እዚያ በኮምፒውተር ነው የሚያዩት።»

«ኮምፒውተር ጆሮ አለው እንዴ?» አለ ኤቫሪስቶ። ቀልዱ ለራሱም አላሳቀውም።

አቤሊኖ ከሄደ ሌላውም ተከትሎት ይሄዳል። ሥራው ቢቀርስ ይቅር፤ በዚያ በር ባለመኪና ካልገባ ግን ሰው የሚባል አይገባም። እንዲያውም አሁን ማቴ ሲጠጣ፣ ቅሏን ባዶ ያደርግና እንደገና ሞልቶ በግራ በኩል ይዘረጋል። የሚቀበለው እንደሌለ ትዝ ሲለው እጁን ይመልሳል።

በሩን ዘግቶ አየሩን ሞላ። ቱቦውን የራሱ ጆሮ ላይ አደረገ። ምንም። ራሱ ውስጥ ያለው ጩኸት ብቻ። ወደ ግራ ወሰደው፣ ወደ ታች ወሰደው፤ ምንም የለም። አሮጌ ጎማ ላይ ዘጭ አለ።

«ምነው ኤርሚንዳ፣ እንዲህ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ?» አለ። ድምፁ አቤሊኖ ማቴ እየጠጣ ወደሚጠብቅበት ወጥ ቤት ድረስ መሰማቱን አላወቀም።

አቤሊኖ ቅሏን እንደያዘ ገባ። «ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» አለ። ኤቫሪስቶ አልዞረም። ደግሞ ጠየቀ። በመጨረሻ ትከሻውን ሲነካው ሽማግሌው ብድግ አለ።

«አልሰማሁህም» አለ ኤቫሪስቶ። ከዚያ ሃያ ዓመት የደበቀው ነገር ገንፍሎ ወጣ። «ምንም አልሰማም። ያኔም አልሰማም ነበር። የምትሰማው እሷ ነበረች።»

«እኛ እኮ ዶኛ ኤርሚንዳ የእጅ ባትሪ ያዥ ነበሩ ነው የምንለው!» አለ አቤሊኖ፣ አፉን ወደ ጆሮው አስጠግቶ።

«ባትሪ ያዡስ እኔ ነበርኩ።»

ኤቫሪስቶ፣ አቤሊኖ ይስቃል ብሎ ጠበቀ። አልሳቀም። ቅሏን አስቀመጠና የቱቦውን ጫፍ ጆሮው ላይ ለጠፈው። «ያንቀሳቅሱ እንጂ! አየሩ ሊያልቅ ነው!»

«ሽሽሽ ሲል ኮፈኑን ኳ አድርግ» አለው ኤቫሪስቶ።

ኤቫሪስቶ ቱቦውን በሞተሩ በኩል አዞረው፤ ከዚያ የተርቦውን አየር በሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ስር፣ ዓይን በማይደርስበት፣ ቀስ ብሎ አስገባው። በአንድ እጁ ኮፈኑን ተደግፎ ነበር። ኳ! ድምፁን አልሰማውም፤ መዳፉ ላይ መጣለት። ጣቱን ሰዶ ሲዳስስ፣ የተርቦው አየር የሚያልፍበት ወፍራም ቱቦ ከብረቱ ጋር እየታከከ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ አውጥቷል። እንባው መጣ፤ አቤሊኖ ጣራውን አየ።

የተሰነጠቀውን ቱቦ ቀይሮ ሲጨርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ፒክአፑ ዳገቱን ወጣ፤ ጥቁር ጭስ የለም። ኤቫሪስቶ እንደልማዱ ነፋሱ ውስጥ ቆሞ አየ። ሊገባ ሲል መኪናው ጫፉ ላይ ቆመ። አፍንጫውን ወደ መንደሩ መለሰ፤ መብራቱን አንዴ አበራ አጠፋ፣ ደገመ።

ኤቫሪስቶ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞረ።

«ነፋ!» አለ።

መስኮቱ ላይ ማንም አልነበረም።