የሊቀመንበሩን ልጅ ሕገ መንግሥት ሳስጠና

አባቴ ሲሞት ቤታችን ውስጥ የነበረው አራት ወንበር ብቻ ነው። ስዊድን አገር፣ ሮግስቬድ የሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ጎረቤቶች ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ዕድሩ ተጣጣፊ ወንበሮች ነበሩት፤ አባቴም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ግን ከመሞቱ በፊት በነበረው ስብሰባ ላይ «የዕድሩን ሒሳብ ሌላ ሰው ይመርምረው» ብሎ ስለተናገረ ሊቀመንበሩ ከአባልነት ሰረዙት። ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ስሙን አነበቡ፣ ጉባኤው አጨበጨበ፣ አለቀ። በዕድራችን ነገር ሁሉ የሚጸድቀው በጭብጨባ ነው። ወንበሮቹም ከተቆለፈባቸው ክፍል አልወጡም። ቁልፉ ያለው እሳቸው ኪስ ውስጥ ነበር።

አልረሳሁም። ልረሳም አልፈለግኩም። ሰው ሰውን በምን ሥልጣን እንደሚሰርዝ ለማወቅ ብዬ ስለ መንግሥታት ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ያስተማረኝ የለም።

አባቴ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊቀመንበሩ ጠሩኝ።

«ስማ የኔ ልጅ፣ አንባቢ ነህ አሉ።»

«ትንሽ ትንሽ ነው፣ ጋሼ።»

«ልጄ ትምህርት ቤት ስለ አሜሪካ መንግሥት አሠራር ፈተና አለባት። እኔ ላስረዳት ስል በስዊድንኛ እየመለሰች ታደክመኛለች። እስቲ አንተ አስጠናት።»

ስለ አባቴ አንድ ቃል አላነሱም። «እሺ ጋሼ» አልኳቸው።

ሻርሆልመን በሚባለው ሰፈር፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተገናኘን። ወደዚያ ስሄድ ባቡር ውስጥ ያሰብኩት ስለ ተንኮል ነበር። አንድ ነገር ብቻ አዛብቼ ብነግራት ይበቃል። የሚፈርድበት ሴኔቱ መሆኑን ደብቄ፣ ፕሬዝዳንቱን የሚከሰውም የሚፈርድበትም የተወካዮች ምክር ቤት ነው ብላት፣ በፈተናው ትወድቃለች፣ እሳቸውም ይቃጠላሉ። ግን አልቻልኩም። ለልጅቷ አዝኜ እንዳይመስላችሁ። የተሳሳተ ነገር ከአፌ ከወጣ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ሁሉንም በትክክል ላስተምራት ወሰንኩ፤ ምሳሌዬን ግን ከሩቅ አላመጣም።

«ኮንግረስ ሕግ ያወጣል» አልኳት። «ፕሬዝዳንቱ ያስፈጽማል፤ ሕጉን ካልወደደው ይመልሰዋል። ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከደገሙት ግን ይጸናል። ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ከጣሰ ፍርድ ቤት ይሽረዋል። አሁን ዕድሩን አስቢ። ደንቡን ማን ያወጣል?»

«አባዬ።»

«ማን ያስፈጽማል?»

«አባዬ።» ሳቋ መጣ። በስዊድንኛ «ዳኛውም እሱ ነው እንዳትለኝ» አለች።

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«ንጉሥ ነው በለኛ!»

ወደ ኢኮኖሚው ስንገባም እንዲሁ ሆነ። ግብርና ወጪ የሚወስነው ኮንግረስ ነው፤ ወለድ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ማዕከላዊ ባንኩ ነው፤ ፕሬዝዳንቱ ወለዱን ዝቅ አድርጉ ብሎ ማዘዝ አይችልም። «ለምን ለያዩት?» አልኳት። «የሚያዘውም የሚቆጣጠረውም አንድ ሰው እንዳይሆን» አለች። ቀጥዬ ምክር ቤት አንድን ሰው በስሙ ጠርቶ፣ ያለ ፍርድ፣ በአዋጅ ሊቀጣው እንደማይችል ነገርኳት። እዚህ ላይ ድምፄ ሳይለወጥ አልቀረም፤ ቀና ብላ አየችኝ።

«በስሙ ጠርቶ? እንደ አባትህ?»

«ፈተናው ላይ እንዲህ ብለሽ አትጻፊ» አልኳት።

ፈተናውን አለፈች። የዕድሩ ዓመታዊ ስብሰባ ሲደርስ ከእናቷ ጋር መጣች፤ እኔ በር አጠገብ ቆሜያለሁ። ሊቀመንበሩ ሪፖርታቸውን አነበቡ፤ ተጨበጨበ። እንደ ልማዳቸው «ጥያቄ ያለው?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ ወረቀታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«እኔ አለኝ» አለች ልጃቸው፣ በአማርኛ። «አባዬ፣ ሰው ከዕድር ሲሰረዝ ማን ነው የሚሰማው?»

«የምን ሰው?»

«ማንም ሰው። ለምሳሌ የሱ አባት።» በጣቷ እኔን አሳየች።

«ማነው ይኼን ያስተማረሽ?»

«አንተ የላክህልኝ አስተማሪ ነዋ።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እንግዲህ ለዚህም እናጨብጭብ» አሉ፤ አዳራሹ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ግን ፊታቸው ጠቆረ። እኔ አልሳቅኩም፤ ዓይናቸውን ዓይናቸውን ነበር የማየው። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ተነሡ።

«ልጅቷ እውነቷን ነው። ያን ቀን ሳንሰማው አጨበጨብንበት፤ ለቅሶውንም ሳንደርስ ቀረን። ስሙ ይመለስ። ሄደንም እናልቅስ። ወንበሩን ግን ቁልፉን የያዘው ሰው ይሸከም።»

በዕድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ በእጅ ተሰጠ። የልጃቸው እጅ ተነሣ፤ ባለቤታቸውም ቆይተው አነሡ። ሐሳቡ አለፈ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የዕድሩ ሰዎች ለቅሶ ሊደርሱ ቤታችን መጡ። እናቴ ጥቁሯን ለብሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ሊቀመንበሩ ወንበሮቹን ከመኪና እያወረዱ በፊተኛው በር፣ በደረጃው አመጧቸው። ላግዝዎ አላልኳቸውም። ወጡ፣ ወረዱ፣ ደግመው ወጡ። የመጨረሻውን ይዘው ሲመጡ ላባቸው በሸሚዛቸው አልፎ ይታይ ነበር። በሩ ላይ ቆመው ተነፈሱ።

«ይኼ ቤት ሊፍት የለውም እንዴ?»

ወንበሩን ዘርግተው እስኪያስቀምጡ ጠበቅኩ።

«አለው፣ ጋሼ» አልኳቸው። «በጓሮው በር ነው።»