ጋላክሲ ለምን ይዞራል ያለችው ልጄ

ልጄ "ወላጅ ይዘሽ ነይ" ተብላ ከትምህርት ቤት መጣች፣ ዓይኗ ቀልቶ። ሰረቀች እንዴ? ተደባደበች? የለም፤ ጠየቀች። "ጋላክሲ ለምን ይዞራል?" ብላ።

የሳይንስ አስተማሪዋ መልስ ነበረው፤ እሱ ምን ይጠፋዋል። "ተፈጥሮው ነው፤ ጻፉ" አለ። እሷ ደግሞ "ተፈጥሮው ለምን እንደዚያ ሆነ?" ስትለው፣ ደፈረችኝ ብሎ አስወጣት። ይቅርታ እስክትጠይቅ ክፍል አትገባም፤ ፈተናው ደግሞ ደርሷል።

ጀሞ ያለው ያ ትምህርት ቤት አጥሩ ላይ ሮኬት አስሏል። ላብራቶሪ የሚሉት ክፍል ውስጥ ግን ያለው የተሰበረ ወንበር ነው።

በማግስቱ ከቢሮ አስፈቅጄ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ከፊቴ የነበረ አባት ገና ከበሩ ሳይገባ የልጁን ጆሮ ቆነጠጠ። ምን እንዳጠፋ እንኳ አልጠየቀም። ወጉ ይሄ ነው፤ የተጠራ ወላጅ መጀመሪያ ይቀጣል፣ ጥፋቱን ኋላ ይሰማል፣ ካስታወሰ።

አስተማሪው ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ደርድሮ ተቀምጧል። ልጄን እስክቆነጥጥለት ጠበቀ። አልቆነጠጥኩም።

"እህቴ፣ ልጅዎ ከመጽሐፍ ውጭ ትጠይቃለች" አለኝ።

"ይመልሱላታ" አልኩት። "ጋላክሲ የሚሠራው ከተበተነ ጋዝ ነው። ጋዙ ድሮም ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ጎረቤቶቹ የሆኑ ሌሎች የጋዝ ክምችቶች በስበታቸው እየጎተቱ ትንሽ ያሽከረክሩታል። ወደ መሃል በተሰበሰበ ቁጥር ያችው ትንሽ ሽክርክሪት እየፈጠነች ትሄዳለች።"

ፊዚክስ ተመርቄ ኢንሹራንስ ቢሮ እንደምሠራ ስነግረው ጭራሽ ሳቀ። "ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም" አለ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት ለእንዲህ ያለው ቅል ራስ ነው።

ዳይሬክተሯ ገብታ "ይቅርታ ትበልና ይለቅ" አለች። ልመልስላት አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመችኝ። አንገቷን ደፍታ "ይቅርታ ቲቸር" አለች። ደሜ ፈላ። ልጄ መጠየቅ ልትተው ነው ብዬ ፈራሁ።

ቤት እንደገባን፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ኮንዶሚኒየም፣ ያጠራቀምኩትን ውሃ ሲንኩ ውስጥ ሞላሁላት። ውሃውን በጣቷ ትንሽ ገፋ አድርጋ የቀዳዳውን ውታፍ ነቀለች። ውሃው ቀስ ብሎ ጀመረና ወደ ቀዳዳው ሲጠጋ እየፈጠነ ዞረ። "አሃ" አለች፤ ፊቷ በራ። ያንን ባለ ጋዋን አሸነፍኩት ብዬ ደስ አለኝ።

ፈተናው አለፈና ወረቀቷን ይዛ መጣች። ያ ጉደኛ አስተማሪ ጥያቄውን አምጥቶታል። "ጋላክሲ ለምን ይዞራል?" ከሚለው ሥር "ተፈጥሮው ስለሆነ" ብላ ጽፋለች፤ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ተደርጎበታል።

"ስለ ውሃው ለምን አልጻፍሽም?" አልኳት።

ቦርሳዋን እየዘጋች "እማ፣ እሱ ወላጅ ያስጠራል" አለችኝ።