ቤዝ የሚጫወቱት ጋሼ

ሰዎች ስለ ባንዳቸው ሲጽፉ «ከዝና በፊት» የሚል ምዕራፍ ይኖራቸዋል። እኛ ያለን ምዕራፍ እሱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ብጽፈው ማንም ሊቆጣኝ አይገባም።

ልምምድ የምናደርገው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ነበር። ወፍጮ ቤቱ የጊታሪስታችን አክስት ንብረት ነው። ቦታው የተመረጠው በጥበብ ነው፤ ወፍጮ ቀኑን ሙሉ በሚጮህበት ሰፈር ስለ ድምፅ አቤት የሚል የለም። አንድ ጊዜ ብቻ አንዲት ጎረቤት መጥታ አክስትየዋን «ወፍጮሽ ሳይበላሽ አልቀረም፤ ከትናንት ጀምሮ ድምፁ ልክ አይደለም» አለቻት። የትናንቱ ድምፅ አዲሱ ዘፈናችን ነበር። መብራት ሲጠፋ ወፍጮውም እኛም እኩል ዝም እንላለን። በቆሎ ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ፊት ላይ የሚታየው እፎይታ ለየትኛችን ዝምታ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ወደ ባንዱ የገባሁት በውሸት ነው። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። በወጣትነቴ የገዛሁት ቤዝ ጊታር፣ ሌላው ሰው ዲግሪውን በሚሰቅልበት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ግቢያችን ውስጥ ክፍል የተከራየች ልጅ አንድ ቀን በተከፈተው በር አሻግራ አየችው።

«ጋሼ፣ ያ ባለ አራት ክሩ ነው?»

«ነው።»

«ይጫወቱታል?»

«ድሮ» አልኳት።

በእኔ ዕድሜ ያለ ወንድ «ድሮ» ካለ ማስረጃ የሚጠይቀው የለም። እውነቱን ለመናገር፣ የተጫወትኩት ስድስት ወር ያህል ነው፤ እሱንም ለብቻዬ፣ በር ዘግቼ። ልጅቷ ግን ቤዝ የሚጫወት ሰው በከተማው ፈልጋ ያጣች ነበረች፤ በማግስቱ ጊታሬን ተሸክማ ከፊት ከፊት እየመራች ወፍጮ ቤት አደረሰችኝ።

ድምፃዊቷ እሷ ናት። የደሴ ልጅ ናት፤ እዚሁ አርባ ምንጭ የውሃ ምሕንድስና ተምራ ከተመረቀች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ጠዋት ጠዋት የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ታነባለች፣ ከሰዓት በኋላ ትዘፍናለች። ድራመራችን የዶርዜ ሸማኔ ነው። ሸማኔ ሁለት እጁንና ሁለት እግሩን ቀኑን ሙሉ ለየብቻ ሲያሠራ የሚውል ሰው ስለሆነ፣ ድራም ላይ መቀመጥን እንደ እረፍት ነው የሚቆጥረው። ጊታሪስቱ የካምባ ልጅ ነው፤ ያደገው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ነው፤ ልምምድ ያለ ጸሎት አይጀምርም።

የምንጫወተው ሮክ የአመፅ ሙዚቃ ነው ይባላል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ወደ ልምምድ ክፍሏ ስገባ፣ ውስጥ የነበሩት ሁለቱም አመፀኞች ከተቀመጡበት ተነሡ። ድራመሩ ሳይቀር ከከበሮዎቹ ጀርባ እየተጠማዘዘ ወጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። በክፍሏ ውስጥ የነበረችው አንዲት ወንበር ለእኔ ሆነች። ዘፈን ሲጀመር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ጋሼ ይግቡ!» ይባላል። ተሳስቼ ሌላ ኖታ ስመታ «ጋሼ፣ እሱም ጥሩ ነው» ይሉኛል። አንቱታ ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው፣ ሰውን ከሰው የሚያርቅ አጥር ነው እያልኩ ረጅም ጽሑፍ ጽፌ የማውቅ ሰው ነኝ። ያቺን ወንበር ግን አንድም ቀን ለሌላ ሰው አልለቀቅኳትም።

አምስት ወር እንዲህ ሄደ። ከዚያ ድምፃዊቷ አንድ ቀን ከሰዓት ዘግይታ መጣችና ስልኳን ኪሷ ውስጥ እየከተተች፣ እናቷ ሥራ እንዳገኘችላት ነገረችን። ደሴ ነው፤ የዘመድ ዘመድ ያለበት ቢሮ ነው። ምሕንድስናም ውሃም የለበትም፤ ፋይል መመዝገብ ነው።

«ምን አልሻት?» አላት ጊታሪስቱ።

«እስከ እሁዱ ጠብቂኝ አልኳት።»

እሁድ ያለችው ከሦስት ሳምንት በኋላ የነበረውን እሁድ ነው። ከከተማው ዳር ካለው ገደል አናት ላይ፣ ከሥር ያሉትን ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል የሚያይ አንድ ሆቴል በግቢው ውስጥ የከሰዓት ዝግጅት አሰናድቶ፣ ከተጫወቱት ባንዶች አንዱን በየእሁዱ እንዲጫወት ሊመርጥ ነበር። ከተመረጥን ትቀራለች። ካልተመረጥን ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ትሳፈራለች። ከዚያ በኋላ እኛ ድራም፣ ጊታርና አንድ ወንበር ነን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጊታሪስቱ ጸሎት ረዘመ። «ጌታ ሆይ፣ የጋሼን ጣቶች ባርክ፤ ጣቶቻቸውን አበርታ፣ አፍጥናቸውም» ይላል ዓይኑን ጨፍኖ። እኔ ይህን የልጅ ፍቅር አድርጌ ወስጄው ልቤን ነካው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሁለት ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። በጋሞ ምድር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ደጅህ ላይ ከቆመ ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ ያን ሳር ሲያዩ ይቆማሉ። ያስቀየምኳቸውን ሰዎች በልቤ መዘርዘር ጀመርኩ፦ አከራዬ፣ የአከራዬ ወንድም፣ ምረቃ ላይ የሚደረግ ንግግር ሁሉ በሕግ ይከልከል ብዬ ስጽፍ የተቆጡት ምሁራን። ዝርዝሩ ሳያልቅ አስገባኋቸው።

አንደኛው የድራመራችን አባት ናቸው፤ እሳቸውም ሸማኔ ናቸው። ሁለተኛው ጊታሪስታችን የሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

«ልጄ» አሉኝ አባትየው። ልጄ ከተባልኩ ቆይቼ ነበር። «ልናስቀይምህ አልመጣንም። የልጆቹ ነገር ነው።»

«ምን አጠፋሁ?»

ሁለቱ ተያዩ። «ትዘገያለህ» አሉ መምህሩ።

«እኔ? እኔ እኮ ከሁሉም ቀድሜ ነው የምደርሰው! የወፍጮ ቤቱን በር የማስከፍተው እኔ ነኝ!»

«እሱን ነግረውናል» አሉ አባትየው በትዕግሥት። «አንተ ቀድመህ ትደርሳለህ። የሚዘገየው እጅህ ነው።»

አባትየው ሳሩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ ሽመና ግን አውቃለሁ። እግር ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፤ ማጉን የያዘው መወርወሪያ ያኔ ማለፍ አለበት። ልጆቹ ለአንተ ብለው ድሩን ከፍተው ይጠብቁሃል። አምስት ወር ሙሉ ረግጠው እንደያዙ ናቸው። እግራቸው ደከመ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዴት ብለው?» አሉ መምህሩ። «አንድ ቀን ልጅቷ ‹ጋሼ፣ ትንሽ ሳይዘገዩ አልቀሩም› ብትልህ፣ ሰዓትህን አይተህ ‹አይ፣ ገና ነው› አልካት አሉ።»

ብያለሁ። ቀኑንም አስታወስኩት። የጊታሪስቱ ጸሎትም ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሰው ፊቴ ቆሞ ለፈጣሪ ሲከሰኝ እኔ አሜን እያልኩ ነበር።

ከባንዱ ውጣ ሊሉኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። ጥያቄያቸው ግን ሌላ ነው። ልጆቹ እንዲያርሙህ ፍቀድላቸው ነው የሚሉት፤ በልምምድ ላይ አንተ ይበሉህ። ይህ ቋንቋ ሰውን ወይ ከፍ ወይ ዝቅ ሳያደርጉ ማናገር የማይቻልበት ቋንቋ ነው፤ «ዘግይተዋል» ሲባል ምስጋና ይመስላል፣ «ዘገየህ» ሲባል ብቻ ነው ሰው እጁን የሚያየው። በጽሑፌ የተከራከርኩለት ነገር ቤቴ ድረስ ሳር ይዞ መጣ፤ እኔም እንደማንኛውም ባለ መርህ ሰው ተናደድኩ። ከዚያ ደሴ ስለሚመዘገበው ፋይል አሰብኩና እሺ አልኩ። ስምምነቱን መምህሩ ራሳቸው አረቀቁት፦ ዘፈኑ ሲጀመር አንተ፣ ሲያልቅ እርስዎ።

ሰኞ ልምምድ ላይ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ዘፈኑ ተጀመረ፤ ዘገየሁ። ጊታሪስቱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ እንደሚዘል ሰው፣ «አንተ! ዘገየህ!» አለና ዘፈኑን አቋረጠው። ወዲያው ዓይኑን ገልጦ «ጋሼ፣ ወንበሩ ተመችቶዎታል?» አለኝ። ድራመሩ ከሁለት ቀን በኋላ ለመደው፤ እንዲያውም ሳያስፈልግም ይለኝ ጀመር። ድምፃዊቷ ግን አልቻለችም። «ቤዙ ትንሽ ዘገየ» ትላለች የእኔን ጊታር እያየች፤ ጊታሩ ራሱን ችሎ የመጣ ይመስል።

«አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ ፈቅዶልሽ የለ?» አላት ድራመሩ።

«እኛ ቤት ትልቅ ሰው አንተ አይባልም።»

«እኛ ቤት ይባላል? እኔ አባቴን አንተ ስላቸው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ጋሼን አንተ ትላቸው የለ? በቃ፣ እኔ አልችልም።»

ሌላም ጣጣ ነበር። እኔ በሰዓቱ መግባት ስጀምር እነሱ ዘገዩ። አምስት ወር እኔን መጠበቅ ለምደው፣ አሁን እኔ ስመታ እነሱ ገና እየጠበቁኝ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እርስ በርሳችን «ቀድመህ ግባ»፣ «የለም፣ አንተ ቅደም» ስንባባል፣ በር ላይ እንደሚገባበዙ እንግዶች ከረምን። እንደ ባንድ መጫወት የጀመርነው ከእሁዱ በፊት በነበረው ሐሙስ ነው፤ እሱም መብራት እስኪጠፋ ድረስ ብቻ።

እሁድ ደረሰ። የሆቴሉ ግቢ ሞልቷል፤ አብዛኛው ተማሪና ሥራ ፈላጊ ነው፤ አንድ ለስላሳ ለሦስት ይዘው የተቀመጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘፈኖች ሳንዋረድ ጨረስን። ሰዉ ያጨበጨበልን ለንግግር በሚጨበጨበው ዓይነት ጭብጨባ ነው። ድምፃዊቷ ወደ እኛ ዞራ አየችን፤ ፊቷ ላይ የሰኞው አውቶቡስ ይታየኝ ነበር።

ሦስተኛው ራሷ የጻፈችው ነው። ቢሮ መስኮት ላይ ተቀምጦ ሥራ ፈላጊን «ነገ ተመለሽ» ስለሚል ሰውዬ ነው። አዝማቹ ላይ ሁሉም ዝም ይላል፤ ከዚያ ዝምታ ውስጥ ቤዙ ብቻውን ይገባል። ያቺ ቦታ የእኔ ነች። ልክ እዚያ ስንደርስ አንዲት ጦጣ ከዛፉ ወርዳ ከፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ የስኳር ዕቃውን ይዛ ሮጠች። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰውዬ ከነከረባቱ ተከተላት። እኔም እንደ ሰው ሁሉ አየሁና ሳቅኩ።

ዝምታው ረዘመ። ድራመሩ እንጨቱን አንሥቶ ይጠብቃል። ጊታሪስቱ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እያለ እንደሆነ አውቃለሁ። ድምፃዊቷ ዞረች፣ ማይኩ አፏ ላይ እንዳለ።

«አንተ!»

ድምፅ ማጉያው ያን ቃል እስከ ሐይቆቹ ድረስ ወሰደው። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሽበት ያለውን ሰውዬ አንዲት ወጣት ልጅ በሕዝብ ፊት፣ በማይክ! እኔ ግን መታሁ። በሕይወቴ እንደዚያ በሰዓቱ የመታሁት ነገር የለም። ድራሙ ወረደ፣ ጊታሩ ገባ፣ እሷም ቃሉን ለመመለስ ጊዜ አጥታ ዘፈኗን ቀጠለች።

አዝማቹ ሲመለስ ዝምታው መጣ። አሁን ግን ዝምታውን እኛ አልሞላነውም። ግቢው በሙሉ፣ ለስላሳውን እንደያዘ ተነሥቶ፣ «አንተ!» አለ። ዘፈኑ ላይ ያለ ነገር መስሏቸው ነው። ለካ እያንዳንዳቸው አንድ መስኮት፣ መስኮቱም ውስጥ አንድ ሰውዬ አላቸው፤ አንተ ሊሉት ፈልገው እርስዎ ሲሉት የኖሩት። ሦስተኛውን ጊዜ አስተናጋጆቹም ጨመሩበት።

ሥራ አስኪያጁ ዝግጅቱ ሲያልቅ ሮክ እንደማይወድ ነገረን። «ያቺን አንተ የምትሉበትን ግን በየእሁዱ ትጫወቷታላችሁ?» አለ።

ድምፃዊቷ ወዲያው ደሴ ደወለች። ሩቅ ሄዳ ብታወራም የምትለውን እንሰማ ነበር፤ «እማ፣ ስሚኝ… እማ፣ አንዴ ስሚኝ…» ከዚያ ተመልሳ ስልኩን ዘረጋችልኝ። «ትልቅ ሰው አገናኚኝ አለችኝ።»

«ወንድሜ» አሉ እናትየው፣ «እርስዎ ነዎት ትልቁ? እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄ ነገር ልጄን የሚያስቀር ነው?»

የማንንም ሥራ ማመስገን አልወድም፤ በተለይ የራሴ ያለበትን። ስለዚህ ያየሁትን ብቻ ልናገር አልኩ። «እመቤቴ፣ ልጅዎ ዛሬ በሕዝብ ፊት ተሳስቼ አረመችኝ። ትክክል ነበረች።»

«ምን ብላ?»

«አንተ ብላ።»

«በሕዝብ ፊት?»

«በማይክ።»

«ልጅቷን ይስጡልኝ።»

ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ከእሷ በኩል የተሰማው «እሺ እማ» ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ «እሺ እማ» አለች። ድራመሩ ሳህን የሚመስሉትን ሲምባሎቹን በጋቢ ጠቅልሎ ጨረሰ፣ ጊታሪስቱ ገመዶቹን ሰበሰበ፣ እሷ ገና «እሺ እማ» ትላለች። በመጨረሻ ስልኩን ዘግታ መጣች፤ ጆሮዋ ቀልቷል።

«ምን አለች?» አላት ጊታሪስቱ።

«ባለጌ አለችኝ። አሳዳጊ የበደላት አስባልሽኝ አለችኝ።»

«ሰኞስ?»

«ጋሼን ይቅርታ ጠይቀሽ፣ እሳቸውም ከልባቸው ይቅር ሳይሉሽ፣ እዚህ ቤት እንዳትመጪ አለችኝ።» ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ በጣም ይቅርታ። ሳላስበው ነው የወጣኝ።»

ሦስቱም አዩኝ። እኔም ፊቴን አኮሳትሬ፣ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር እንዳልሆነና ጊዜ ወስጄ እንደማስብበት ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ እናትየው በየሁለት ሳምንቱ ይደውሉልኛል። «ታረቃችሁ?» ይሉኛል። ቅሬታዬ ጥልቅ እንደሆነ፣ ልጅቷ ግን በትጋት እየለመነችኝ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸውም አይዞዎት ይሉኛል።