የእህቴ ጣሪያና የሆቴሉ ማጨጃ

«ሣሩ አንተን አይጠብቅም» አለች እህቴ። «ካንዴላ አያውቅ፣ ቺንጋ አያውቅ። ጊዜው ሲደርስ ይደርቃል፤ ከዚያ ከብት ይለቀቅበታል።»

«ሁለት ቀን ብቻ ስጪኝ።»

«ያለፈው ሳምንትም ሁለት ቀን ነበር።»

«ያ ለካንዴላው ነው። ይሄ ለቺንጋው ነው።»

የሣር ማጨጃ መኪናዬን ድንጋይ ላይ ሰቅዬ ከሆዷ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ስለነበር ከእህቴ የሚታየኝ እግሯ ብቻ ነው። አውራ ጣቷ መሬቱን ይቆረቁራል። ከልጅነታችን ጀምሮ ያ ጣት መቆርቆር ሲጀምር እንደተሸነፍኩ አውቃለሁ። ዝም ብሎ መሸነፍ ግን ግጥም ለሚጽፍ ሰው ይከብዳል።

«እትዬ፣ ዓለም እኮ ወደ ሞተር እየሄደ ነው» አልኩ ከታች።

«ዓለም የትም ይሂድ። እኔ መሄድ የምፈልገው እዚያ ነው።»

እጇ ባይታየኝም የት እንደጠቆመች አልጠፋኝም። እዚያ ማለት ከአባታችን ግቢ ዝቅ ብሎ ያለው ጎጆዋ ነው። ኮን ወደሚባል አገር ተድራ ሄዳ፣ ትዳሩ ፈርሶ በአንድ ሣጥንና በጥቂት ፍየሎች ከተመለሰች ወዲህ የምትተኛው አባታችን ቤት፣ ከወፍጮው ድንጋይ አጠገብ ነበር። የመንደሩ ሴቶች ውሃ ላይ «ተመላሿ» ይሏታል፤ እሷም እንደሚሏት ታውቃለች። ስለዚህ የራሷን ቤት ልትሠራ ቆረጠች። ቦታ ለመነች፣ ፍየሎቹን ሸጠች። ግንበኛው የድንጋይ ግድግዳውን ክብ አድርጎ አቆመላት፤ አናጢው የጣሪያውን እንጨት አዋቅሮ ጠንካራ የጽድ በር ገጠመላት። የቀረው ክዳን ብቻ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ከታች ሜዳው ላይ ያለውን ጥብቅ ሣር ለየቤቱ ሸንሽኖ ሲሰጥ ለእሷ ወገብ የሚደርስ ሰንበሌጥ ደረሳት። ከብት ወደ ሜዳው ከመለቀቁ በፊት አጭዶ ማሰር ነው።

በእኛ አገር ሣር አጭዶ ቤት የሚከድን ወንድ ነው። በቤታችን ያለነው ወንዶች ደግሞ ጉልበታቸው የደከመ ካህን አባታችንና እኔ ነን። እኔ ማለት ከቤተ ክህነቱ ትምህርት መሐል ላይ፣ ከመንግሥቱም ትምህርት መሐል ላይ ወጥቼ ግጥምን በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ። መማሬን እስከዚያ ቀን ድረስ የመሰከረልኝ አልነበረም።

ጎረቤቶቻችን ለደቦ ሲጠሩኝ «እናንተ ማጭድ ስትስሉ የእህቴ ሣር ታጭዶ ያልቃል» ብዬ መለስኳቸው። ለሰው ደቦ ያልወጣ፣ ለእሱ ደቦ አይወጣለትም። ይህን ማንም ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ ግን ማጨጃ ነበረኝ።

ማጨጃዋ የመጣችው ከቱሪስት ሆቴሉ ነው። ፈረንጆች በብዛት ይመጡ በነበረበት ዘመን፣ አትክልተኛው እንደ በቅሎ ተቀምጦባት የሆቴሉን መስክ ሲዞር ልጅ ሆኜ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ አይቻለሁ። አብዮቱ ሲመጣ ፈረንጆቹ ቀሩ፤ መስኩ ላይ አህያ ዋለበት፤ እሷም ወጥ ቤቱ ጀርባ ተጣለች። ከዓመታት በኋላ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከበላይ አካል እንግዳ ሊመጣበት ሆነና ግጥም ጻፍልኝ አለኝ። ሆቴሉን ከተራራ፣ እሱን ከንጋት ኮከብ ጋር አመሳስዬ ጻፍኩለት። እንግዳው ግጥሙ ሲነበብ አንቀላፋ። ሥራ አስኪያጁ ግን ደስ ብሎት ወደ ወጥ ቤቱ ጀርባ ወሰደኝና «ከንብረት ተሰርዛለች፣ ውሰዳት» አለኝ። መቀመጫዋ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። በደራሲነት ያገኘሁት የመጀመሪያ ክፍያ ይህ ነው፤ ዶሮዋ ግን አትጨመርም ተባልኩ።

በአባቴ በሬ አስጎትቼ ወደ ቤት አመጣኋት። መንገድ ላይ አንዱ «በሬው ነው የሚነዳው ወይስ መኪናው?» እያለ እስከ ደጃችን ሸኘን። ጋጣው ውስጥ የበሬውን ቦታ ለእሷ ሰጠሁ፤ በሬውን ከደጅ አሰርኩት። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሬውንም ማጨጃዋንም ተራ በተራ አዩና «ከሁለቱ የሚያርሰው የትኛው ነው?» ብለው መልሴን ሳይጠብቁ ገቡ።

ጥገናውን የተማርኩት ግጥምን በተማርኩበት መንገድ ነው፤ በማበላሸት። መጀመሪያ ከእህል ወፍጮው ናፍጣ ለምኜ ሞላኋት። ትንፍሽ አላለችም። ለካ የምትጠጣው ቤንዚን ኖሯል። ቤንዚን ያን ጊዜ በኩፖን ነው፤ ለእኔ ቢጤ ደግሞ ኩፖን የሚሰጥ የለም። የጤና ጣቢያው ሾፌር ወልድያ ውስጥ የሚወዳት ልጅ ነበረችውና አንድ ጠርሙስ ቤንዚን በአንድ የፍቅር ግጥም ተስማማን። ልጅቷ ሌላ ሰው አገባች። ቤንዚኑ ግን ንጹሕ ነበር።

ካርቡሬተሩን ፈትቼ በዶሮ ላባ ጠረግሁት፤ ከውስጡ የተርብ ቤት ወጣ። መልሼ ስገጥመው አንዲት ትንሽ ሞላ ተረፈችኝ። ብዙ አሰብኩና የሚተርፍ ነገር አስፈላጊ ሊሆን አይችልም ብዬ ኪሴ ከተትኳት። የፊት ጎማዎቿ የውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪያው፣ ማስቲሽ የማይዘው ወንፊት ስለሆነ ጎማውን በጭድ ጠቀጠቅኩት። ለመቀመጫዋ አጎዛ አነጠፍኩላት። የመንደሩ ሰው ሁሉ እየመጣ ሲያያት፣ በዘይት የቆሸሸ እጄን ሳልታጠብ ቆሜ ስለ ሞተር ማብራራት ጀመርኩ። ስለማላውቀው ነገር ይህን ያህል የተናገርኩበት ዘመን የለም።

ያስቸገረኝ ቺንጋው ነው። የሞተሩን ኃይል ወደ ስለቱ የሚያደርሰው ያ ላስቲክ ተበጥሷል፤ እስከ ደሴ ቢኬድም አይገኝም። በምትኩ ቀንበር የሚታሰርበትን ጠፍር ቀጥዬ አጠለቅኩላት። ጠፍር ጥሬ ቆዳ ነውና በማግስቱ የጎረቤት ውሻ በላው። ሌላ ቀጠልኩ፤ እሱንም በላው። እህቴ በዚያ አውራ ጣቷ መሬቱን የቆረቆረችው ሦስተኛውን ሳጠልቅ ነው። ይህኛውን በበርበሬ ለወስኩት። ውሻው ቀመሰ፣ አስነጠሰ፣ ሄደ። ስለ ብልኃቴ ሁለት ስንኝ ጻፍኩ።

እንዳልኩትም በሁለተኛው ቀን ሞተሩ ተነሳ። ገመዱን ስስብ፣ ስስብ፣ ትከሻዬ ሊገነጠል ሲል አንዴ ጮኸች። በሬው ማሰሪያውን በጥሶ ጠፋ። ጠፍሩ እየጋለ ሲሄድ በርበሬው መጨስ ጀመረ፤ ግቢው በሳል ተሞላ። አባቴ ዓይናቸው እያነባ ወጡ።

«ይቺ ማጨጃ ናት ወጥ ቤት?»

እህቴ ግድግዳውን ይዛ ትስቃለች። ከኮን ከተመለሰች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። «ተነሳች እኮ» አለች። ገባ ብላ ሣሩን የምታስርበትን ገመድ አወጣች፤ ለካ በየማታው ስትገምድ ኖራለች፤ አንድ ሸክም ሞልቷል። ያን ገመድ ሳይ ልቤ አብጦ፣ ለዚያ ቀን ያዘጋጀሁትን አነበብኩላቸው።

«ማጭድ ሆይ ደህና ሁን፣ ዘመንህ አለፈ፤
የላስታ ልጅ ዛሬ በሞተር ከነፈ።»

አባቴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው አጥር አጥሩን ተመለከቱ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የተሳለው ምንድን ነው?»

«መዶሻና... ማጭድ።»

«ታዲያ ዘመንህ አለፈ የምትለው ማንን ነው?»

ወረቀቱን እዚያው ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። እህቴ ግን በቃሏ ይዛዋለች።

በማግስቱ ወደ ሜዳው ወረድን። ከብት የሚለቀቀው በነጋታው ጠዋት ስለነበር ሰው ሁሉ የየራሱን አስሮ ከምሯል፤ የቆመ ሣር ያለው የእህቴ ድርሻ ላይ ብቻ ነው። የመጨረሻ ሸክማቸውን ሊወስዱ የመጡ ጎረቤቶች ጉዱን ለማየት ቆሙ። ሞተሩን አስነስቼ አጎዛው ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ ገመዷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከኋላ ትከተለኛለች።

ማጨጃዋ እያቃሰተች ገባች። ሰንበሌጡ ከፊቴ ይሰግዳል፣ ይጠፋል። እኔ ወደፊት ነው የማየው። ከሜዳው ዳር ጩኸት ሰማሁ፤ ሰዎቹ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። እኔም እጄን አነሳሁላቸው። አንዲት ሴት ራሷን በሁለት እጇ ስትይዝ አየሁና ራሴን ዝቅ አድርጌ አመሰገንኳት። ግጥም ሰው ፊት ሳነብ ጭብጨባ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ምን እንደሚመስል በምን ልወቅ። ዞርኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሜ ዞርኩ። አንዲት ጥግ ሲቀረኝ ጠፍሩ ተበጠሰና ፀጥ አለ። ያኔ ወደ ኋላ አየሁ።

የሚታሰር ነገር የለም። ሣርማ አለ፤ ግን ጣት የማያህል፣ የተከተፈ፣ ነፋሱ እያፈሰ ወደ ገደሉ የሚወስደው ብናኝ ነው። ለካ የፈረንጅ ማጨጃ የምትደክመው መሬት ላይ ለሚቀረው ሣር ነው፤ የሚቆረጠው ጉዳይዋ አይደለም። እኛ ደግሞ የምናጭደው ለሚቆረጠው ነው። አትክልተኛው ከኋላዋ እየተመለሰ ብናኙን በመጥረጊያ ሲጠርግ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። በዓይኔ አይቻለሁ። ልቤ ግን መቀመጫው ላይ ነበር።

እህቴ ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ ዘገነች። እፍ አለችው፤ በረረ። ገመዷን ከትከሻዋ አላወረደችም።

«ለግድግዳ ምርጊት ግን ጥሩ ነው» አለ አንድ ጎረቤት፣ ሊያጽናናን።

«ግድግዳዬ ድንጋይ ነው» አለች እህቴ።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። አባቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ፊታችንን አዩና ወደ ምድጃው ዞሩ። እኔ ግን ዝም አልኩ እንዴ።

«እሸጣትና ሣር እገዛልሻለሁ» አልኳት።

«ማን ይገዛታል? ውሻው?»

«ለከርሞ ስለቱን ከፍ አድርጌ...»

«ለከርሞ» አለች። አልጮኸችም። ቁርበቷን ጠቀለለች፣ ጋቢዋን ደረበች። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰካውን ማጭድ ነቅላ አመጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ማጭድ ሆይ ደህና ሁን» አለች። «የቀረች ጥግ አለች። ከብቱ ማልዶ ነው የሚለቀቀው።»

«ልጄ፣ አሁን ጣሪያ የሌለው ቤት ምን ያደርግልሻል? ነገ ይነጋል» አሉ አባቴ።

«አባዬ፣ የምሸሸው እርስዎን አይደለም። ነገ ይነጋል ስባል ግን ከረምኩ።»

ወጣች። ተነስቼ ልከተላት ስል ባዶ እጄን መሄድ አፈርኩና በጋጣው በኩል አልፌ ከማጨጃዋ መቀመጫ ላይ አጎዛውን ገፈፍኩ። ስደርስ ጎጆዋ ውስጥ ቆማ ቁርበቷን ታነጥፋለች። ከበላይዋ የጣሪያው እንጨት፣ ከእንጨቱ በላይ ሰማዩ ይታያል።

«እትዬ፣ ውርጩስ?»

ወደ በሩ መጣች። አጎዛውን ከእጄ ተቀበለች፤ ያለኝ ጠቃሚ ነገር እሱ ብቻ እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል።

«ውርጩ በላይ ነው የሚገባው፤ እሱን አልከለክለውም» አለች። «አንተ ግን የምትገባው በበር ነው።»

የጽድ በሩ ተዘጋ። መወርወሪያውም ከውስጥ ገባ።